የራዳር ፈሳሽ ማቀዝቀዣን ማሻሻል፦ ፓምፕ ከመቀየርዎ በፊት ዲግሪው የት እንደሚባክን ይወቁ

የራዳር ማሠራጫ ሲሞቅ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታዘዘው ትልቅ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ይመጣል፣ ይገጠማል፤ ሞጁሎቹ (ትራንዚስተሮቹን የያዙት የማጉያ ክፍሎች) ግን ከጥቂት ዲግሪ በላይ አይቀዘቅዙም። ይባስ ብሎ ከዚያ በፊት አፍስሰው የማያውቁ ፊቲንጎች (የቱቦ መጋጠሚያዎች) ማንጠባጠብ ይጀምራሉ። ሙቀቱ ከትራንዚስተሩ ቺፕ ተነሥቶ ውጭ አየር ላይ እስኪደርስ ድረስ ብዙ እርከን ያልፋል፤ ፓምፕ የሚነካው ከእነዚህ ጥቂቱን ብቻ ነው።

እዚህ የምንወስደው ምሳሌ በጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተር የሚሠራ፣ በውሃና በግላይኮል ድብልቅ የሚቀዘቅዝ የኤስ ባንድ (አንዱ የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ማሠራጫ ነው። የአየር ሁኔታና የበረራ መቆጣጠሪያ ራዳሮች ይህን ባንድ ይጠቀማሉ። መርሁ ግን ለሌላም ይሠራል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት፦ ማሠራጫው ጠፍቶ ይቆለፍ፣ የኃይል ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸው በሜትር ይረጋገጥ። በቆዩ ማሠራጫዎች ውስጥ ያሉ ነጭ የሴራሚክ ክፍሎች ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሞረድም ሆነ የአሸዋ ወረቀት አይንካቸው፤ ብናኙ ሳንባ ያበላሻል። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ቢሆንም መርዝ ነው፤ የፈሰሰውን ውሻም ሆነ ሕፃን እንዳይልሰው ወዲያው ይጥረጉ።

ሂሳቡ

12 ሞጁል አለን እንበል። እያንዳንዱ ሞጁል 400 ዋት ሙቀት ይጥላል፤ በውስጡ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሚጥሉ 4 ትራንዚስተሮች አሉ። ጠቅላላው 4.8 ኪሎዋት መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ሞጁል በደቂቃ 2 ሊትር፣ ለሁሉም 24 ሊትር ይፈስሳል።

ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ውሃና ኤቲሊን ግላይኮል በደቂቃ 1 ሊትር ሲፈስ፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 60 ዋት ገደማ ይሸከማል። ንጹህ ውሃ 70 ዋት ይሸከማል፤ በወታደራዊ ራዳሮች የተለመደው ፒኤኦ የተባለው ዘይት ደግሞ 30 ዋት ያህል ብቻ። ስለዚህ በእኛ ሞጁል ፈሳሹ የሚጨምረው 400 ÷ (60 × 2) = 3.3 ዲግሪ ነው። ከፈሳሹ እስከ ቺፑ ያለው የሙቀት መሰላል በዲግሪ እንዲህ ይወጣል፦

መግቢያ ላይ ያለው ፈሳሽ፦ 30 ዲግሪ
የፈሳሹ ጭማሪ፦ 3
ከቱቦው ግድግዳ ወደ ፈሳሹ (60 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 8 ሚሜ ውስጠኛ ስፋት ያለው ቱቦ የተቀበረበት ኮልድ ፕሌት፣ ማለትም ትራንዚስተሮቹ የሚያርፉበት በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ የአሉሚኒየም ሰሌዳ)፦ 32
በአሉሚኒየሙ ውስጥ፦ 15
በተርማል ግሪሱ (በትራንዚስተሩና በኮልድ ፕሌቱ መካከል የሚቀባ ሙቀት አሻጋሪ ቅባት፣ 0.05 ሚሜ ውፍረት)፦ 7
ከትራንዚስተሩ ፍላንጅ (የብረት መቀመጫው) እስከ ቺፑ (በዋት 0.6 ዲግሪ)፦ 60

ድምሩ 147 ዲግሪ ነው። ለእነዚህ ትራንዚስተሮች በብዛት የሚሰጠው የቺፕ ሙቀት ጣሪያ 225 ዲግሪ ስለሆነ ሰፊ ቦታ የቀረ ይመስላል። ሆኖም ዕድሜያቸው ወደ ጣሪያው በተጠጉ ቁጥር በፍጥነት ያጥራል፣ የሚያወጡት ኃይልም ይቀንሳል። የመጨረሻው 60 ዲግሪ ከአምራቹ የመጣ ስለሆነ እኛ አንነካውም፤ የፐልሱ ርዝመት ወይም ዱቲ ሳይክሉ (ማሠራጫው ከጠቅላላው ጊዜ በርቶ የሚቆይበት ድርሻ) ከተቀየረ ግን ቁጥሩ አብሮ ስለሚቀየር ከዳታ ሺቱ ኩርባ እንደገና ይነበባል።

አሁን አማራጮቹን እናወዳድር። ፍሰቱን እጥፍ ብናደርግ ከመሰላሉ ላይ የሚወርደው 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ለዚያ የምንከፍለው የግፊት ብክነት ከ3 እስከ 4 እጥፍ፣ የፓምፕ ኃይል ደግሞ ከ6 እስከ 8 እጥፍ ያድጋል። በሌላ በኩል የግሪሱ ውፍረት 0.05 ሳይሆን 0.15 ሚሜ ሆኖ ከተገኘ (ያልተስተካከለ ፍላንጅ ላይ የተለመደ ነው) እዚያ ብቻ 21 ዲግሪ ይጠፋል። እሱን ማስተካከል 14 ዲግሪ ያስመልሳል፤ ወጪው ከአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም። ኮልድ ፕሌቱን በክንፋም መቀየር ደግሞ 25 ዲግሪ ገደማ ያወርዳል።

መጀመሪያ መለካት

በመግቢያና በመውጫ ላይ ፒቲ100 የሙቀት ሴንሰር፣ አንድ ፍሎው ሜትር፣ በኮልድ ፕሌቱ ሁለት ጫፍ መካከል የግፊት ልዩነት የሚያሳይ ጌጅ፣ በተጨማሪም ከትራንዚስተሩ ፍላንጅ ጎን የተጣበቀ ትንሽ ቴርሚስተር (ሌላ ዓይነት የሙቀት ሴንሰር) ያስፈልጋሉ። የምንለካው ልዩነት 3.3 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በግማሽ ዲግሪ የሚሳሳቱ ሁለት ሴንሰሮች መልሱን በ30 በመቶ ሊያዛቡት ይችላሉ። መፍትሔው ሁለቱን ሴንሰሮች አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ እያማሰሉ ልዩነታቸውን መዝግቦ፣ በኋላ ከንባቡ ላይ መቀነስ ነው።

ከዚያ ሂሳቡ ይመሳከራል። ፍሰት × 60 × የሙቀት ልዩነት፣ ከኃይል አቅርቦቱ የገባው ዋት ሲቀነስ በአንቴና በኩል የወጣው ዋት ጋር እኩል መሆን አለበት። ልዩነቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ችግሩ የመለኪያው ስለሆነ ሌላ ነገር ከመነካካቱ በፊት እሱ ይስተካከል።

ንባቡ ራሱ ይናገራል። የፍሰቱ መጠንና የፈሳሹ ሙቀት ጤነኛ ሆኖ አንድ ሞጁል ብቻ ከሞቀ ግሪሱን ወይም ብሎኖቹን ይጠርጥሩ። የግፊት ልዩነቱ ጨምሮ ፍሰቱ ከቀነሰ የሆነ ነገር ተደፍኗል። ሁለቱም አብረው ከቀነሱ ፓምፑ ደክሟል፣ አየር ስቧል፣ ወይም ፈሳሹ በሌላ መንገድ እየሾለከ ነው። ሁሉም ሞጁል እኩል ከሞቀ ኮልድ ፕሌቱን ተዉትና ፈሳሹ ሙቀቱን ለውጭ አየር ወደሚሰጥበት ራዲያተር ይሂዱ፤ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው።

ፍላንጁና ግሪሱ

ጊዜ የሚገባው ቦታ ይህ ነው። ትራንዚስተሩ የሚያርፍበት ፊት ጠፍጣፋነት በፍላንጁ ስፋት ከ0.025 ሚሜ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቀጥ ያለ የማሽን ማስመሪያ ፊቱ ላይ አቁሞ ከበስተጀርባ መብራት ማብራት ሻካራ ግምት ይሰጣል፤ እርግጡን የሚያሳየው ግን የግፊት ፊልም ነው። ፊልሙን በመካከል አድርገው ብሎኑን ሲያስሩ የነካው ቦታ ይቀላል፣ ያልነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። መሃሉ ነጭ ከሆነ ፍላንጁ ጎብጧል ማለት ነው፤ ሙቀቱ የሚመጣው ደግሞ ከመሃሉ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር የአርኤፍ (የሬዲዮ ሞገድ) ትራንዚስተር ፍላንጅ የኤሌክትሪክ መሬትም መሆኑን ነው። ተራ ግሪስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ወፍራም ሆኖ ከተቀባ የመሬቱ ግንኙነት ይላላል፤ የማጉያው ጌይን (የማጉላት አቅሙ) ይወርዳል ወይም ማጉያው በራሱ ይጮኻል (ያልተላከለትን ሲግናል ያመነጫል)፣ ባለሙያው ደግሞ ችግሩን ሰርኪዩቱ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ከዚህ የሚያድነው 0.1 ሚሜ የኢንዲየም ፎይል ነው። ሙቀትን በሜትር በዲግሪ 86 ዋት ያስተላልፋል (ጥሩ ግሪስ 3 አካባቢ ነው)፣ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል። ኢንዲየም በ157 ዲግሪ እንደሚቀልጥ ያስታውሱ፤ ፎይሉ ከገባ በኋላ ሞጁሉን ብየዳ ምድጃ ውስጥ መክተት አይቻልም።

አሠራሩ፦ ሁለቱም ፊት በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ክር በማይተው ጨርቅ ይጸዳል። ፎይሉ በፍላንጁ ልክ ተቆርጦ የብሎን ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይበሳል። ብሎኖቹ በሰያፍ፣ በሦስት ዙር ይታሰራሉ፦ አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ ሙሉው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል)። አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ፍላንጁን ያነሣዋል። ኢንዲየም ለስላሳ ስለሆነ በግፊት ቀስ ብሎ ይተኛል፤ አንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል አሙቀው ካቀዘቀዙ በኋላ በቶርክ ሬንች እንደገና ይፈተሽ።

ለኮምፒውተር የሚሸጠውን ጋሊየም ያለበት ፈሳሽ ብረት አሉሚኒየም አጠገብ አያስጠጉ። ጋሊየም ወደ አሉሚኒየም ውስጥ ዘልቆ እንደ ብስኩት ያስፈረፍረዋል።

ኮልድ ፕሌቱ

በ8 ሚሜው ቱቦ ውስጥ ምን እንደሚሆን ጠጋ ብለን እንይ። 2 ሊትር በደቂቃ ሲፈስ፣ ድብልቁ 25 ዲግሪ ላይ ሳለ ሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍሰቱ ጸጥ ያለ ወይም የሚታመስ መሆኑን የሚያመለክተው ቁጥር) 1,650 አካባቢ ነው። ፈሳሹ በሽፋን በሽፋን እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ መሃል ያለው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ግድግዳውን ሳይነካ ያልፋል። ያው ድብልቅ 60 ዲግሪ ላይ ሲቀጥን ቁጥሩ ወደ 3,600 ይወጣል፤ መታመስ ይጀምራል። በሌላ አነጋገር ፈሳሹን በጣም ማቀዝቀዝ ራሱ ሙቀት የመውሰድ አቅሙን ይቀንሰዋል። የግላይኮሉን መጠን ከ50 ወደ 30 በመቶ ማውረድም ያግዛል፤ 30 በመቶው እስከ −15 ዲግሪ ገደማ አይረጋም፣ ለአብዛኛው ቦታ ከበቂ በላይ ነው። ከ25 በመቶ በታች ግን አይውረድ፤ የዝገት መከላከያው ይሳሳል፣ ባክቴሪያም ግላይኮሉን መመገብ ይጀምራል።

ዋናው ማሻሻያ ቱቦውን በክንፎች መተካት ነው። ለእኛ ሞጁል 60 በ100 ሚሜ ስፋት፣ 8 ሚሜ ቁመት፣ 0.5 ሚሜ ውፍረት ያላቸው ክንፎች፣ በመካከላቸው 1 ሚሜ ክፍተት ይበቃል። ይህ 40 ያህል ቦይ ይሰጣል፤ ሙቀቱ ወደ ፈሳሹ ሲሻገር የሚባክነው ከ32 ወደ 7 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፣ ያውም ፈሳሹ ሳይታመስ። 40ዎቹን ቦዮች በአንድ ላይ መክፈት ግን ስሕተት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሴንቲሜትር ብቻ፣ የግፊት ብክነቱም ከምንም የማይቆጠር ስለሚሆን ፈሳሹ ለመግቢያው የቀረቡትን ቦዮች ይመርጣል፣ ዳር ያሉት ይተኛሉ። በሦስት ዙር ከፋፍሎ ማዞር ፍጥነቱን ወደ 30 ሴንቲሜትር ያወጣዋል፣ ክፍፍሉም ይስተካከላል። ቀዝቃዛው ፈሳሽ መጀመሪያ በጣም የሚሞቀው ትራንዚስተር ሥር ይግባ።

በአሉሚኒየሙ ውስጥ የሚጠፋው 15 ዲግሪ የሚቀንሰው ከትራንዚስተሩ ሥር የመዳብ ቁራጭ በመቅበር ነው። መዳብ 390፣ 6061 የተባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ደግሞ 167 ዋት በሜትር በዲግሪ ያስተላልፋሉ። መዳቡ ፈሳሹን መንካት የለበትም፤ ምክንያቱን ከታች እንመጣበታለን።

ክዳኑ በቫኩም ብሬዚንግ (አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ በሚቀልጥ መሙያ ብረት ማጣበቅ) ወይም በፍሪክሽን ስተር ብየዳ (በሚሽከረከር መሣሪያ ሰበቃ ማዋሃድ) ይዘጋል። ብሬዚንግ ወደ 600 ዲግሪ ስለሚደርስ 6061 ጥንካሬውን ያጣል፤ በሙቀት ካልታከመ የብሎን ጥርሱ በመጀመሪያው ማጥበቅ ይበላል፣ ስለዚህ የብረት ሽቦ ጥርስ ይገባበት። ሁለተኛው ዘዴ ብረቱን ስለማያቀልጠው ይህ ችግር የሚታየው ብየዳው ያለፈበት መስመር አካባቢ ብቻ ነው። በሁለቱም መንገድ ፊቱ የመጨረሻ ፍሬዛ የሚገባው ከተዘጋ በኋላ ነው። ከብሎን ቀዳዳው ጫፍ እስከ ቦዩ ቢያንስ 2 ሚሜ ብረት ይቅር፤ በስዕሉ ላይ ሳይሆን በእጅዎ ባለው ብሎን ርዝመት ይለኩ፣ ረጅም ብሎን አግኝቶ ወደ ቦዩ የሚያሾልክ ሰው አይጠፋም።

ማኒፎልድ፣ ቱቦና ፊልትሮ

12 ቅርንጫፍ እኩል ፈሳሽ የሚያገኘው ማኒፎልዱ (ፈሳሹን ለቅርንጫፎቹ የሚያከፋፍለው ዋና ቱቦ) ሰፊ ከሆነ ነው። 24 ሊትር በደቂቃ በ12 ሚሜ ቱቦ ሲገባ ፍጥነቱ በሰከንድ 3.5 ሜትር ይሆናል፤ ግፊቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ በእጅጉ ይለያያል፣ ብረቱንም ይበላል። በ25 ሚሜ ቱቦ 0.8 ሜትር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ የሚጠፋው ግፊት በማኒፎልዱ ላይ ከሚጠፋው 10 እጥፍ ይሁን፤ ካልሆነ በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ እኩል ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ ይግባ። ጨረሩ በብዙ ሞጁሎች ኅብረት በሚፈጠርበት አንቴና (ፌዝድ አሬይ) ላይ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ሞጁሎቹ በተለያየ ሙቀት ላይ ሲሆኑ የሞገዶቻቸው ፌዝ (ከፍ ዝቅ የሚሉበት ቅጽበት) ይለያያል፣ ጨረሩም ይበላሻል። ሁሉም እኩል 60 ዲግሪ መሆናቸው ከፊሉ 40 ከፊሉ 55 ከመሆን ይሻላል።

ለግላይኮል የኢፒዲኤም ጎማ ተስማሚ ነው፤ ለፒኤኦ ዘይት ግን ያብጣል፣ ለእሱ ቪቶን ይምረጡ። ፊቲንጎች በኦሪንግ የሚዘጉ ይሁኑ። የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፕ ክሩ እየተቆረጠ 1 ሚሜው ክፍተት ላይ ይሰነቀራል። ከማኒፎልዱ በፊት 100 ማይክሮን ወይም ከዚያ የጠበበ ፊልትሮ ይቀመጥ።

ፈሳሹ

መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ቀጥታ ባይነካኩም እንኳ ከመዳቡ የሟሟ ጥቂት መዳብ አሉሚኒየሙ ላይ ተለጥፎ ይቦረቡረዋል። አንድም ሁሉም አሉሚኒየም፣ አንድም ሁሉም መዳብና አይዝጌ ብረት ይሁን፤ የናስ ፊቲንግም ከመዳቡ ወገን ይቆጠራል።

የመኪና አንቲፍሪዝ አይግባ። ብዙዎቹ ሲሊኬት ስላላቸው ጊዜ ሲያልፍ ጄል ይሠራል፣ ጠባቡን ቦይ ይደፍናል። የጄል ነገር በራዳር ዓለም የታወቀ ነው፦ ቀደም ሲል የአሜሪካ ወታደራዊ ራዳሮች ኩላኖል 25አር የተባለ የሲሊኬት ኤስተር ፈሳሽ ይጠቀሙ ነበር። እርጥበት ሲያገኝ ወደ ሲሊካ ጄልና በቀላሉ ወደሚቀጣጠል አልኮል ይለወጥ ስለነበር በፒኤኦ ተተካ። ለእኛ የሚሆነው የኢንዱስትሪ ግላይኮል ከነዝገት መከላከያው ነው፤ የሚቀላቀለውም ዲአዮናይዝድ (ጨዎቹ የተወገዱለት) ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ አሉሚኒየሙን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል፣ ካልሲየሙም ከፎስፌት መከላከያ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሠራል። የውሃው ክሎራይድ ከ25 ፒፒኤም በታች ይሁን።

በየ6 ወሩ ፒኤችና የግላይኮል መጠን ይለካ። ፒኤች ከ8 በታች ከወረደ መከላከያው እያለቀ ነው። የሪፍራክቶሜትሩ (የግላይኮሉን መጠን የሚለካው መሣሪያ) የኤቲሊን ግላይኮልና የፕሮፒሊን ግላይኮል መስመር የተለያየ መሆኑን አይርሱ።

ከፍታና ጤዛ

በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,350 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ ያህል ነው። ፋን የሚያንቀሳቅሰው አየር በይዘት (በሊትር) ስለማይቀየር ራዲያተሩ የሚያልፈው የአየር ክብደት በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ራዳር ተራራ ላይ ስለሚተከል ከካታሎግ የተመረጠ ራዲያተር እዚህ አገር ይህ ሳይታሰብበት አይወሰድ። የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ ፓምፑም በመምጠጫው በኩል የ2.5 ሜትር ውሃ ያህል ግፊት ያጣል። የማስፋፊያ ታንኩ ከመምጠጫው አጠገብ ይያያዝ፤ ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ፈሳሹ ውስጡ እየፈላ ነው።

በቆላና በባሕር ዳርቻ ችግሩ ጤዛ ነው። አየሩ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚጀምረው 26 ዲግሪ ላይ ነው። ቺለር (ፈሳሽ ማቀዝቀዣ ማሽን) ተጠቅሞ 20 ዲግሪ ፈሳሽ ወደ ካቢኔ የሚያስገባ ሰው 50 ቮልት ባለበት ሰርኪዩት ላይ ውሃ እያፈሰሰ ነው። መግቢያው ከጤዛ ነጥቡ በ3 እስከ 5 ዲግሪ ከፍ ይበል።

መሞከርና መሙላት

መጀመሪያ በውሃ፣ ከሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ይፈተን። ጋዝ ሲፈነዳ ብዙ ጉልበት ስለሚለቅ ናይትሮጅን የሚገባው ውሃው ካለፈ በኋላ ነው። የናይትሮጅን ፍተሻ ላይ ቴርሞሜትር ይኑር፦ 4 ባር ላይ ክፍሉ በ1 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ጌጁ በ17 ሚሊባር ገደማ ይወርዳል፣ ያልፈሰሰውን ፈሰሰ ያስብላል።

ከዚያ ሞጁሎቹ ሳይገናኙ ቱቦዎቹ ብቻ በሞቀ ዲአዮናይዝድ ውሃ በፊልትሮ በኩል ይታጠባሉ፤ ፊልትሮው ላይ የብረት ፍቅፋቂ መታየት እስኪያቆም ይቀጥላል። የሚሞላው ከታች፣ አየሩ የሚወጣው ከላይ ነው። ፓምፑ በአጭር በአጭር እየተነሣ ቆሞ አየሩ ይለቀቃል።

ማቋረጫው

ፈሳሹ ቢቆም 2 ኪሎ አሉሚኒየም ላይ የተቀመጠው 400 ዋት በደቂቃ 13 ዲግሪ ያሞቀዋል። ኮልድ ፕሌቱ ለክብደት ሲባል ግማሽ ኪሎ ከተደረገ 53 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ፍሰቱ ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ አርኤፉን በ1 ወይም 2 ሰከንድ የሚያጠፋ ማቋረጫ ያስፈልጋል፤ ይቺ ትንሽ መዘግየት የምትቀመጠው የአየር አረፋ ባለፈ ቁጥር እንዳይዘጋ ነው። አርኤፉ ከጠፋ በኋላ ፓምፑ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይቀጥል።

ዋናው ፍሎው ሜትር ብቻውን አይበቃም። ከ12ቱ አንዱ ቅርንጫፍ ሙሉ በሙሉ ቢደፈን ጠቅላላው ፍሰት ቢበዛ 8 በመቶ ነው የሚቀንሰው፤ 80 በመቶ ላይ የተዘጋጀው ማቋረጫ ምንም አያይም። በእያንዳንዱ ሞጁል ላይ ቴርሚስተር ይኑር፦ ከተለመደው ሙቀት 10 ዲግሪ ሲያልፍ ያስጠንቅቅ፣ 20 ሲያልፍ ያጥፋ። በዝቅተኛ ኃይል የአንዱን ቅርንጫፍ ቫልቭ በእጅ ዘግተው ይሞክሩት፤ የዘጉት ሞጁል ቁጥርና ስክሪኑ ላይ የበራው ቁጥር አንድ መሆኑንም አብረው ይመልከቱ፣ የሴንሰር ገመድ ተቀያይሮ መገጠሙ ብርቅ አይደለም።